ማዳበሪያው ውስጥ ምን አለ? ስታቲክ ቋንቋ ውስጥ ስለሚገባው ዳይናሚክ

ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ። ጠዋት የሚሰለፈው ሰው አይደለም፣ ማዳበሪያ ነው። ሰዉ ማዳበሪያውን ተራ አስይዞ ቁርሱን ሊበላ ይሄዳል። ማዳበሪያ ስል መቼም ውስጡ ማዳበሪያ አለ ማለቴ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ ውስጥ ጤፍ ነው፣ አንዱ ውስጥ የሽሮ አተር፣ አንዱ ውስጥ በርበሬ። ከሰልም የሚመጣው በሱ ነው፤ ቤት ስንቀይር ልብስና ድስት የምንጠቀጥቀውም በሱ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ግን አፉን ፈትቶ፣ እጁን ከትቶ ሳያይ ምንም አይደፋም። በርበሬ በጤፍ ተራ ከተደፋ የሚበላሸው የአንድ ሰው እህል ብቻ አይደለማ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ዱቄቱ እያስነጠሰው ቤቱ ይገባል።

ፕሮግራመሮች ዳይናሚክ የምንለው ነገር ይኸው ማዳበሪያ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። አንዳንድ ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት፣ አንድ ስም ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ አስቀድመው አይጠይቁም። አሁን ቁጥር ያስቀመጥክበት ቦታ ላይ ቆይተህ ጽሑፍ ብታስቀምጥ ግድ የላቸውም፤ ስህተት ካለ የሚታወቀው ፕሮግራሙ እየሠራ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ነው። ሌሎቹ ማለትም ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኮትሊን፣ ጎ፣ ዳርት ገና ከመነሻው ይጠይቃሉ። ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? ካልተስማማ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር አያሳልፍህም። የመጀመሪያዎቹን ዳይናሚክ፣ ሁለተኞቹን ስታቲክ እንላቸዋለን። የሁለቱ ጎራ ጭቅጭቅ ከኔ ዕድሜ ስለሚበልጥ እሱን ልተወው። እኔን የቸገረኝ ሁለተኞቹ ውስጥ የተተወችው ቀዳዳ ናት። ጥብቅ ነኝ የሚል ቋንቋ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሆነ ቦታ ላይ "እሺ፣ ይሄኛውን አልጠይቅህም" የሚልበት ቃል አለው። በሲ ሻርፕና በዳርት ዳይናሚክ ይባላል፣ በታይፕስክሪፕት (ዓይነት የተጨመረበት ጃቫስክሪፕት ነው) ኤኒ።

ከቀዳዳዋ ጋር የተዋወቅኩት በባልትና ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምጥንና በሶ የሚሸጡ እናት አሉ። ሰው በስልክ ያዛቸዋል፣ ልጃቸው ብሎክ ለብሎክ ያደርሳል። "አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ስልክ ላይ አድርግልኝ እንጂ" አሉኝና በፍላተር፣ በአፕ መሥሪያው፣ ትንሽ አፕ ሠራሁላቸው። ፍላተር የሚጻፈው በዳርት ነው። ዳርት ስታቲክ ነው። ስለዚህ ተማምኜ ነበር የሠራሁት።

ዋጋው ከሰርቨር የሚመጣው በጄሰን ነው። ጄሰን እንግዲህ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ጽሑፍ ነው፤ ዳርት ሲፈታው ውስጡ ምን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል፣ የሚሰጥህ በዳይናሚክ የተሞላ ማፕ ነው፤ ማፕ ማለት እያንዳንዱ ነገር በስሙ የሚወጣበት ዝርዝር ነው። እኔም "ዋጋ" የሚለውን ከዚያ አውጥቼ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚቀመጥበት ዓይነት ውስጥ ከተትኩት፤ ደብል ይባላል። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም። ዳይናሚክ ነዋ፣ ምን ይበል? 520.50 ሲመጣ በእርግጥም ደብል ነው። 650 ሲመጣ ግን ዳርት ኢንት ነው ይላል፣ ሙሉ ቁጥር። ኢንት ደግሞ በዳርት ዘንድ ደብል አይደለም። ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ "ኢንት የደብል ዘመድ አይደለም" የሚል ስህተት ይወረውራል። በፍላተር የሠራ ሰው ይቺን ስህተት ቢያንስ አንድ ቀን አይቷት ተራግሟል።

ታዲያ እኔ ለምን አላየኋትም? የኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ የአንድሮይድ ኢሙሌተር (ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) ሲከፈትበት እንደ ወፍጮው ይጮኻል። ስለዚህ የምሞክረው ክሮም ላይ ነበር። ክሮም ላይ ደግሞ ዳርቱ ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀየራል፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትና ደብል ተለይተው አይኖሩም፣ ሁለቱም ያው ቁጥር ናቸው። 650ም 520.50ም ያለችግር ያልፋሉ። ስልኬ ላይ የሞከርኩት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን ያን ቀን ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ዋጋዎች በሙሉ ሳንቲም ነበራቸው። ለሙከራ የጻፍኳቸው እኔው ነኝ። በዚህ ዘመን ሳንቲም ያለው ዋጋ ማን ይጽፋል?

ፕሌይ ስቶር ላይ አላወጣሁትም። የመመዝገቢያውን 25 ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? የመጫኛ ፋይሉን፣ ኤፒኬውን፣ በቴሌግራም በተንኩት። እሳቸውም እውነተኛውን ዋጋ ማስገባት ጀመሩ። መጀመሪያ በርበሬ፣ 650።

የመጫኛዋ ክብ መዞር ጀመረች። አላቆመችም። የገረመኝ ደግሞ ለሦስት ቀን አንድም ሰው አለመደወሉ ነው። ሰዉ ኔትወርክ ነው ብሎ! እዚህ ዳር ላይ ኔትወርክ ያልተከሰሰበት ቀን የለም፤ ስልኩን መስኮት ጋ ወስዶ፣ ዳታውን አጥፍቶ አብርቶ፣ ተስፋ ሲቆርጥ በእግሩ ሄዶ ሌላ ቦታ ገዛ። በአራተኛው ቀን እሳቸው ራሳቸው "በዚያ ባንተ ነገር አንድ ሰው እንኳ አላዘዘኝም" አሉኝ። ዝርዝሩ ላይ 23 ዕቃ ነበር። አንዷ 650 ናት 22ቱን ይዛ የወደቀችው። በርበሬ በጤፍ ተራ ማለት ይሄ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር። ከማፑ ሲወጣ መጀመሪያ "ነም" መሆኑን መጠየቅ፣ ከዚያ ወደ ደብል መቀየር። ነም የሁለቱም ወላጅ ዓይነት ስለሆነ ኢንትም ደብልም ይቀበላል። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አዲሱን ኤፒኬ ለማዳረስ ግን ሁለት ቅዳሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ፤ ሊፍት በሌለበት አራተኛ ፎቅ ድረስ። ግማሹ ሰው ቴሌግራም ላይ የላክሁትን ፋይል "ዳታ ይበላል" ብሎ አላወረደውም ነበርና።

ስለ ዳይናሚክ ሲወራ የማይነሳው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። "ስህተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው" እንላለን፣ ግን የት ሲሠራ? አንድ ዌብሳይት ሰርቨርህ ላይ ቢወድቅ ሎጉን (የስህተት መዝገቡን) ታያለህ፣ ታስተካክላለህ፣ በሁለት ደቂቃ ሁሉም ሰው ጋ ተስተካከለ ማለት ነው። ስልክ ላይ የተጫነ አፕ ግን የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። አንተ በሌለህበት፣ በአሮጌ ስልክ፣ በተቆራረጠ ዳታ። ስለዚህ ያው አንድ ቃል፣ ያው ዳይናሚክ፣ ሰርቨር ላይና ሰው ስልክ ላይ ዋጋው እኩል አይደለም። ስልክ ላይ ሲሆን ሂሳቡን የምትከፍለው አንተ ሳትሆን ጎረቤትህ ነው። በኔ ጉዳይ የከፈሉት ባለ ባልትናዋ ናቸው። የሦስት ቀን ሽያጭ።

ይህን ካልኩ በኋላ ዳይናሚክ ይጥፋ ልል አይደለም። ቋንቋ ሠሪዎቹ ያስገቡት ስላልገባቸው አይደለም። ሲ ሻርፕ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 (የቋንቋዎቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ በአራተኛው ዕትም ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት እንደ ኤክሴልና ዎርድ ካሉ የኦፊስ ፕሮግራሞች ጋር ማነጋገር ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ የኤክሴል ሴል ላይ ለመጻፍ የሚጻፈው ኮድ ሰውን ያስለቅስ ነበር። ሌላው እንደ ፓይተን ካሉ ቋንቋዎች ጋር አብሮ መሥራት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2012፣ ታይፕስክሪፕት መጣ። ሁለቱንም የመራው ያው ሰው ነው፣ ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ። ታይፕስክሪፕት ኤኒ ባይኖረው ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዓለም በሙሉ በጃቫስክሪፕት ተጽፎ ነበራ፣ ያን ሁሉ በአንድ ሌሊት ዓይነት ስጠው ቢባል ማን ይችላል? ኤኒ የመሸጋገሪያ ድልድይ ነበር። ችግሩ ድልድይ ላይ ቤት የሚሠራ መብዛቱ ነው።

የዳርት ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። በ2011 ሲተዋወቅ ዓይነት መጻፍ በፈቃድ ነበር፤ ብትጽፈውም ፕሮግራሙ ለተጠቃሚ ሲወጣ አይመረመርም። በ2018 ዳርት 2 ሲመጣ ይሄ ቀረና ጥብቅ ሆነ። ጎ በበኩሉ ለአሥር ዓመት ከምናምን ጄኔሪክስ (አንድ ኮድ ለብዙ ዓይነት እንዲሠራ የሚያደርግ ነገር) ስላልነበረው፣ ሰው ለብዙ ዓይነት የሚሆን ነገር ሲፈልግ ባዶ ኢንተርፌስ (ማንኛውንም ነገር የሚቀበል ዓይነት) ውስጥ እየጠቀጠቀ ኖረ፤ በ2022 ጄኔሪክስ ሲገባ ለዚያ ባዶ ኢንተርፌስ "ኤኒ" የሚል አጭር ስም ተሰጠው። ጃቫም ከ2004 በፊት እንዲሁ ነበር፣ ሊስት ውስጥ የምታስገባው ሁሉ "ኦብጀክት" ነው፣ ስታወጣው ምን እንደነበር አንተ አስታውስ። ፓይተን ደግሞ በ2015 በተቃራኒው አቅጣጫ መጥቶ ዓይነት መጻፍ ፈቀደ። ሁሉም ወደ መሃል እየመጣ ነው እንግዲህ፣ ልቁም ጥብቁም።

ቀዳዳ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጀማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ እኔም ተደናግሬያለሁ። ሁለት ዓይነት "አላውቅም" አለ። አንዱ "ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እንደፈለግክ አድርገው" የሚል ነው፤ የዳርት ዳይናሚክና የታይፕስክሪፕት ኤኒ እንደዚህ ናቸው። የሌለ ነገር ብትጠራበት እንኳ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ሌላው "ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ ፈትተህ ሳታሳየኝ አትነካውም" ይላል። በዳርት ኦብጀክት፣ በታይፕስክሪፕት በ2018 የገባው አንኖውን፣ እንዲሁም የጎው ኤኒ ከዚህ ወገን ናቸው። ስሙ አያታልላችሁ፣ የጎው ኤኒ ከታይፕስክሪፕቱ ኤኒ ጋር ስም ይጋራል እንጂ ጠባይ አይጋራም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ የሁለተኛው ወገን ነው። ማዳበሪያውን አይከለክልም፣ እንዲያውም ያለ ማዳበሪያ ሥራ የለውም። ሳይፈታ አይደፋም፣ በቃ።

የመጀመሪያው ወገን ውስጥም ልዩነት አለ። ዳርት ዳይናሚኩን ወደ ደብል ስታስገባ ቢያንስ በዚያች ቅጽበት ይመረምራል፤ ካልሆነ ይወድቃል። ወድቆ ያሳፍርሃል፣ ግን ይወድቃል። ታይፕስክሪፕት ግን ዓይነቶቹን በሙሉ አራግፎ ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው የሚያስቀረው፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚመረምር የለም። ሰርቨሩ ዋጋውን እንደ ጽሑፍ "650" ብሎ ቢልክና አንተ ቁጥር ነው ብለህ ብትጽፍ ማንም አያርምህም። ከዚያ የማድረሻ 50 ብር ትደምርበታለህ። ጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ላይ ቁጥር ሲደመር ይቀጥለዋል። ደንበኛው የሚያየው 65050 ብር ነው። ለአንድ ኪሎ በርበሬ! ከመውደቅ የባሰ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የተበላሸው ዱቄት ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚያስነጥሰው፣ ከየት እንደመጣ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ዳይናሚክ የሚጽፈው ደግሞ ዓይነቱ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነበት ነው። የባልትናው አፕ ላይ ክፍያ አለ። ሰው በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ በቴሌብር ይከፍላል፣ በባንክ ያስተላልፋል፣ ወይ በዱቤ ይወስዳል። ጥሬ ገንዘብ ምንም ተጨማሪ ነገር አይፈልግም። ቴሌብርና ባንክ የዝውውር ቁጥር ይፈልጋሉ። ዱቤ ደግሞ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል። መጀመሪያ "ዝርዝር" የምትል አንዲት ዳይናሚክ ቦታ አድርጌ ሁሉንም እሷ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፣ አንዳንዴ ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ማፕ፣ አንዳንዴ ነል (ባዶ)። ለሁለት ሳምንት ደስ ይል ነበር። ከዚያ የወሩን ሂሳብ የሚያወጣውን ገጽ ስጽፍ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ "ይሄ ጽሑፍ ነው? ማፕ ነው? ማፕ ከሆነ ስም አለው?" እያልኩ የራሴን ማዳበሪያ ስዳብስ ዋልኩ።

ዳርት 3 በ2023 ሲወጣ ሲልድ ክላስ የሚባል ነገር አምጥቷል። ክፍያ ማለት ከእነዚህ አራቱ አንዱ ነው፣ አምስተኛ የለም ብለህ ትዘጋዋለህ። ከዚያ ኮድህ ውስጥ ክፍያን በስዊች (አንድ ነገር ከአማራጮቹ የቱ እንደሆነ በሚለይ ትዕዛዝ) የሚያይ ቦታ ሁሉ አራቱንም ካላስተናገደ ኮምፓይለሩ አያልፍም። እሳቸው አንድ ቀን "በዕቁቡ ብር የሚከፍለኝም አለ" ቢሉኝ አምስተኛውን እጨምራለሁ፣ የረሳሁትን ቦታ ሁሉ ኮምፓይለሩ እየጠራ ይነግረኛል። ዳይናሚክ ቢሆን ማን ይነግረኝ ነበር? ያው በአራተኛው ቀን እሳቸው። ኮትሊንም ይሄው ሲልድ አለው፣ ታይፕስክሪፕት ዩኒየን አለው፤ ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ድረስ ስታነቡ ስታቲክ ወዳጆች ደረታችሁን እንዳትነፉ። ዓይነት መጻፍ ራሱ ይዋሻል። ዱቤው የሚከፈልበትን ቀን ዳርት ቀን ለማስቀመጥ በሚሰጠው ዴትታይም አደረግኩት፣ ስታቲክ በስታቲክ፣ አንድም ዳይናሚክ የለም። እሳቸው ጥቅምት 30 ቀን 2017 ብለው አስገቡ። እኔ ሁለተኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ብዬ ሰጠሁት። ለዴትታይም ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 ደግሞ የለውም፤ ስህተት ነው ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ወር አንከባለለውና ኅዳር 2 ብሎ አሳያቸው። ጳጉሜን 5 ቢሆንማ 13ኛ ወር ስለማያውቅ መስከረም 5 ቀን 2018 ይልሃል። የአምስት ቀን እፎይታ ለተበዳሪው! ኮምፓይለሩ ደስተኛ ነበር። ዓይነቱ "ቀን" ይላል፣ የማን ቀን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። ኋላ ዓመት፣ ወርና ቀን የያዘ፣ ወሩ እስከ 13 የሚሄድ የራሴን ትንሽ ክላስ (ዓይነት) ሠራሁ።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ስልክ ቁጥርና መታወቂያ ቁጥር ስማቸው ቁጥር ስለሆነ ብቻ ኢንት የሚያደርጋቸው ሰው ሞልቷል። 09 ብሎ የሚጀምር ስልክ ኢንት ሲሆን ዜሮው ይጠፋል። ጄሰንን በጎ ወደ ኤኒ ብትፈታ ደግሞ ቁጥር ሁሉ ፍሎት 64 ይሆናል፣ የጎ ደብል ማለት ነው፤ ፍሎት 64 ሙሉ ቁጥርን ሳይሳሳት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ነው፣ ከዚያ በላይ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊቀየሩ ይችላሉ። ፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው፣ ይሄኛውም 16 አሃዝ ነው። በ9 ለሚጀምር ሰው ማንነቱ ባንድ ሊዛነፍ ነው ማለት ነው። ስልክ ቁጥሩን ደምሮ የሚያውቅ ሰው አለ? የማይደመር ነገር ጽሑፍ ይሁን።

እንግዲህ ዳይናሚክ መቼ ያስፈልጋል? በር ላይ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ጄሰን ይሁን፣ ሌላ ሰው የሠራው ኤፒአይ (ከሌላ ፕሮግራም ጋር መገናኛ) ይሁን፣ ተጠቃሚ የጫነው የኤክሴል ፋይል ይሁን፣ ሲደርስህ ማዳበሪያ ነው፣ ሌላ ሊሆንም አይችልም። የመጠይቅ አፕ ብትሠራና ጥያቄዎቹን ራሱ ደንበኛው የሚፈጥራቸው ከሆነ መልሶቹ ምን ዓይነት እንደሚሆኑ አንተ ከየት ታውቃለህ? እዚያ ላይ በግድ ስታቲክ ካልሆነ ማለት ድርቅና ነው። ነገ የሚጣል ሙከራ ላይም ተጠቀመው፣ ግድ የለም፤ እርግጥ እኛ አገር ነገ የሚጣል የተባለ ሙከራ አምስት ዓመት ሲሠራ ይገኛል። ዋናው፣ እዚያው በር ላይ ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ ስም ተሰጥቶት ይግባ። በሩን አልፎ ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና ከገባ በኋላ ልፍታው ብትል፣ የት የት እንደተደፋ አታውቀውም። ፍተሻውን በራስህ ትውስታ ላይ አትጣለው ደግሞ፤ ዳርት ላይ ስትሪክት ካስትስ የሚባለውን ቅንብር ብታበራ እኔን ያሳለፈኝ ዓይነት ዝምታ አይኖርም፣ ታይፕስክሪፕት ላይም ስትሪክት የሚለው ዓይነት ሳትጽፍ ስትቀር የሚገባውን ኤኒ ይይዝልሃል። ሁለቱም አንድ አንድ መስመር ናቸው። ሳበራው ያየሁት የስህተት ቀይ መስመር ብዛት ግን ላፕቶፑን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ እንድወጣ አድርጎኛል።

ይሄን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሰርተፍኬት ያልያዘ ወጣት ማግኘት ሊያስቸግር ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙዎቹ የአንድሮይድ ኮርሱን ወስደው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ኮድ ግን ግማሹ በኤአይ የተጻፈ ነው። ኤአይ ደግሞ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ቀዩን መስመር አጥፋልኝ ትለዋለህ፣ ዓይነቱን ከማስተካከል ይልቅ ዳይናሚክ ወይም ኤኒ ብሎ ይሰጥሃል። ቀዩ መስመር ይጠፋል። ሁሌ እንዲህ ያደርጋል አልልም፣ ግን በጣም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያልጻፍከው ኮድ ውስጥ ያለ ዳይናሚክ ደግሞ ከጻፍከው ይብሳል፣ ምን ከትተህበት እንደነበር እንኳ የሚያስታውስ የለም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ የባልትናውን አፕ ከፍቼ ዳይናሚክ የሚለውን ቃል ፈለግኩ። 41 ቦታ። አብዛኛው ያለ ምንም ችግር በሁለት ሰዓት ተስተካከለ፣ አንዳንዱ ሲፈታ ውስጡ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ከመጀመሪያውም ዳይናሚክ የሆነበት ምክንያት ስንፍና ነበር። አሁን ሦስት ቀርተዋል። ሁለቱ ጄሰን በሚፈታበት ፋይል ውስጥ ናቸው፣ እዚያው ይቆያሉ። ሦስተኛዋ የዱቤ ደብተሩን በምታወጣው ገጽ ላይ ናት፤ ስነካት ድምሩ ይዛባል፣ ስተዋት ትክክል ነው። ምን እንደያዘች እስካሁን አላወቅኩም።